በመኪና ጀርባ ላይ ስለሚጻፈው ቃል

(በተማሪዎች ኅብረት የውይይት ጉባኤ ላይ የተሰጠ ንግግር)



በዚህ ጉባኤ ላይ ስለ ትምህርት መስፋፋት፣ ስለ መሬት፣ ስለ ሥራ ማጣትና ስለ ሰላም ከበድ ያሉ ንግግሮች ተሰምተዋል። እኔ ዛሬ ይዤ የቀረብኩት ርእስ ከእነዚያ ጋር ሲመዛዘን ቀላል መስሎ ይታይ ይሆናል። ይኸውም በየመኪናው ፓራውልት፣ በስፖንዳው፣ በመስተዋቱና በታክሲው ውስጥ ተለጥፎ ወይም በቀለም ተጽፎ ስለምናነበው አጭር ቃል ነው። ርእሱን የመረጥኩበት ምክንያት አለኝ። በአገራችን መጽሐፍ ገዝቶ የሚያነበው ሰው ጥቂት ነው፤ ጋዜጣም ከከተማ ወጥቶ ሩቅ አይሄድም። የመኪና ጽሑፍን ግን ፊደል የቆጠረ ሁሉ፣ ወደደም ጠላም፣ በየቀኑ ያነባል። ብዙ ሰው የሚያነበውን ነገር የተማረ ሰው ንቆ ሊያልፈው አይገባም።

ወደ መንዝ የተጓዘ ሰው የምለው ይገባዋል። ሞላሌ የመንዝ ማማ ምድር ወረዳ ከተማ ናት፤ ከፍታዋም ከ3000 ሜትር በላይ ነው። ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ዋናውን የደሴ መንገድ የያዘ ሰው ጣርማ በር ሲደርስ ተገንጥሎ በመዘዞ በኩል ይሄዳል። በክረምት ጭጋጉ ሲወርድ ሾፌሩ ከፊቱ ያለውን የጭነት መኪና የኋላ መብራት እየተከተለ በዝግታ ይነዳል። ተራራው ተሸፍኖ፣ ገደሉ ተሸፍኖ፣ ለተሳፋሪው የሚታየው በስፖንዳው ላይ ያለው አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ይሆናል። እርሱንም ግማሽ ሰዓት ያኽል ደጋግሞ ያነበዋል። እንዲህ ያለ ታጋሽ አንባቢ ያገኘ ደራሲ በአገራችን ማን አለ?

እስኪ በመጀመሪያ ጽሑፎቹን በየወገናቸው እንለያቸው። እኔ ባየሁት መጠን በአምስት ይከፈላሉ። አንደኛው ትእዛዝ ነው፤ ‹‹በሩን በቀስታ ይዝጉ››፣ ‹‹ሒሳብዎን አስቀድመው ይክፈሉ›› የሚለው ነው። ሁለተኛው ጸሎት ነው፤ የእግዚአብሔር፣ የእመቤታችን፣ የመልአኩና የጻድቁ ስም፣ በሙስሊሙ መኪና ላይ ደግሞ የአላህ ስምና ምስጋና ነው። ሦስተኛው ምክርና ምሳሌ ነው። አራተኛው ፉከራና ለምቀኛ የተላከ መልስ ነው። አምስተኛው ባለ መኪናው የማን ወገን እንደ ሆነ የሚያስታውቅ ምልክት ነው፤ ይህም ከአርሴናልና ከማንቼስተር ዩናይትድ ዓርማ ጀምሮ እስከ ትውልድ አገር ስም፣ እስከ ሰንደቅ ዓላማና እስከ ፖለቲካ መሪ ሥዕል ድረስ ይደርሳል።

በትእዛዙ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። የታክሲ ረዳት በአፉ ‹‹ግቢ! ጠጋ በል! አትገትር!›› እያለ ይጮኻል፤ ከራሱ በላይ የተለጠፈው ወረቀት ግን ‹‹ይዝጉ››፣ ‹‹ይክፈሉ›› እያለ በአንቱታ ይናገራል። ይህን ግብዝነት ነው የሚሉ አሉ። እኔ በበኩሌ ሌላ ነገር አይበታለሁ። ሕዝባችን ለተጻፈ ቃል ያለው ክብር ገና አልጠፋም። ያው ሰው አፉን ሲከፍት የሚያንጓጥጥ ሲሆን፣ ብዕር ሲያነሣ ግን እንደ ደብዳቤ ጸሐፊ ይታረማል። እንግዲያው አንቱታው ከውስጡ አለ ማለት ነው፤ የጠፋው ጊዜና ፋታው ነው።

አንዳንድ ሰዎች ይህ ልማድ ከውጭ አገር የመጣ ነው ይላሉ። ተለጣፊ ወረቀቱ በእርግጥ ከውጭ የመጣ ነው። ነገር ግን መጓጓዣን እንዲናገር ማድረግ በእኛ ዘንድ የቆየ ነገር ነው። መኪና ወደ አገራችን ሳይገባ ሰው መልእክቱን የሚያስተላልፈው በፈረሱ ስም ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ መኰንን አባ ቃኘው፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ ይባሉ ነበር። ስሙ የፈረሱ ይሁን እንጂ የሚናገረው ስለ ጌታው ነው፤ አንዱ ‹‹እፈርዳለሁ›› ይላል፣ አንዱ ‹‹መላ አላጣም›› ይላል። ስሙ ከፈረሱም ከጌታውም በላይ ይኖራል፤ በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የዘመተው ጦራችን ቃኘው የተባለው በራስ መኰንን ፈረስ ስም ነው።

በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ግን ትልቅ ነው። በፈረስ ስም መጠራት የመኳንንትና የጦር አበጋዞች ክብር ነበር፤ ገበሬው ለበሬው ስም ቢያወጣም ያን ስም ከመንደሩ ውጭ የሚያውቅለት የለም። ዛሬ ግን ባጃጅ የሚነዳ የ20 ዓመት ልጅ ሳይቀር ጥቂት ብር ከፍሎ የራሱን ‹‹የፈረስ ስም›› ያጽፋል፤ ከተማውም ሁሉ ያነብለታል። ይህ ትንሽ ለውጥ አይደለም።

ሕዝቡም አንብቦ ብቻ ዝም አይልም፤ መልስ ይሰጣል። ባለ መኪናው መኪናውን በአንድ ስም ሲጠራ፣ መንገደኛው ሌላ ስም ያወጣለታል። ሲኖትራክ የተባለውን ከባድ መኪና በሚያደርሰው አደጋ የተነሣ ‹‹ቀይ ሽብር›› ብሎታል፤ አይሱዙን ‹‹አልቃይዳ›› ብሎታል። ተሳፋሪዎች ፊት ለፊት የሚቀመጡበትን የድሮ ታክሲ ከአብዮቱ የውይይት ክበብ ጋር አዛምዶ ‹‹ውይይት›› ብሎታል። አንዱን ሚኒባስ ደግሞ ‹‹አባዱላ›› ሲለው ሳያስበው ወደ ጥንቱ የፈረስ ስም አጠራር ተመልሷል። ስለዚህ በመንገዳችን ላይ ሁለት ጸሐፊዎች አሉ፤ በቀለም የሚጽፈው ሾፌርና በአፉ የሚጽፈው ሕዝብ ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ልግባ፤ በመኪናው ላይ የሚናገረው ማን ነው? በአዲስ አበባም ሆነ በክፍለ አገር ብዙ የታክሲ ሾፌሮች የመኪናው ባለቤቶች አይደሉም። ሾፌሩ ማታ ለባለቤቱ የቀኑን ገቢ ያስረክባል፤ ከነዳጁና ከረዳቱ የተረፈውን ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል። ሞተሩ የሌላ ሰው ነው፣ ጎማው የሌላ ሰው ነው፣ መንገዱ የመንግሥት ነው፣ ተራው የተራ አስከባሪው ነው። የእርሱ የራሱ የሆነው ከመሪው ፊት የሰቀላት ሥዕልና በመስተዋቱ ላይ የለጠፋት አንዲት ቃል ብቻ ናቸው። ቀኑን ሙሉ እንዲህ ሂድ፣ እዚህ ቁም፣ አትቁም ሲባል የሚውል ሰው እርሱም በተራው አንድ ነገር ለመናገር የሚችልባት ቦታ ያቺ አንድ ክንድ የማትሞላ መስተዋት ናት። ይህን ስናስብ ‹‹ምን ይለጣጥፋል!›› ብለን ከመሣቃችን በፊት ጥቂት እናመነታለን።

እ.ኤ.አ. በ1965 ዶናልድ ሌቪን የተባለው አሜሪካዊ ምሁር ‹‹ሰምና ወርቅ›› የሚል ትርጉም ያለው ስም የሰጠውን የታወቀ መጽሐፉን አሳተመ። መጽሐፉ ከተመሠረተባቸው ጥናቶች አንዱ በዚሁ በመንዝ ተቀምጦ ያደረገው ነው። አንድን ነገር በአንድ ቃል ተናግሮ ሌላውን ከሥሩ መደበቅ የአማራው ማኅበራዊ ኑሮ አንዱ ጠባይ ነው ብሎ ጽፏል። ይህ አስተያየቱ ትክክል ነው አይደለም የሚለው ክርክር ለሌላ ጉባኤ ይቆይ። እኔ የምለው ግን ሰምና ወርቅን ዛሬ የሚፈልግ ሰው ከቅኔ ማኅሌት ሌላ በመናኸሪያም ያገኘዋል ነው።

‹‹ፍቅር ካለ ታክሲ ባስ ይሆናል›› የሚለውን የማያውቅ በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። ሰሙ ስብከት ነው፤ ሰው ከተፋቀረ የጠበበው ይሰፋል። ወርቁ ግን በሦስት ሰው ወንበር ላይ አራተኛ ሰው ሊጨመር መሆኑ ነው። ትርፍ መጫን በሕግ የተከለከለ ነው፤ ነገር ግን ፍቅርን ጠቅሶ የሚለምንን ሰው ‹‹አልጠጋም›› ማለት ጨካኝ ያሰኛል። ተሳፋሪውም እየሣቀ ይጠጋል። ይህ ጽሑፍ እንግዲህ ጥቅስ ብቻ አይደለም፤ ሥራ ይሠራል፣ ገንዘብም ያስገኛል። ደግሞም ሙሉ በሙሉ ውሸት ነው ለማለት አልደፍርም። የመጨረሻው መኪና ሊሄድ ሲል አንዲት እናት ልጇን አዝላ በመናኸሪያ ብትቀር፣ ተጠጋግቶ ቦታ የሚሰጣት ያው ሕዝብ ነው።

‹‹አትሩጥ አንጋጥ›› የሚለው ደግሞ ሌላ ነው። ሀብት በሩጫ አይገኝም፤ ወደ ላይ ተመልከት ማለቱ ነው። አንድ ቢያጆ ለመጨመር ጎማው መሬት እስከማይነካ ድረስ በሚበር ሚኒባስ ላይ ተለጥፎ ሲታይ ግን ተሳፋሪው በእርግጥ ያንጋጥጣል፤ የሚያንጋጥጠውም ነፍሱን እንዲያወጣለት ለመለመን ነው። እዚህ ላይ ቅኔው ሾፌሩ ያሰበው አይደለም፤ ጽሑፉና ሥራው ሲጋጩ በመካከል የተፈጠረ ነው።

አሁን ደግሞ ስለ ነቀፌታው ልናገር። ሁሉን ማመስገን ጥናት አይባልምና።

በጣም ከተስፋፉት ቃላት አንዱ ‹‹ምቀኛ አታሳጣኝ›› የሚለው ነው። በአንድ ወገን ሲታይ ብልኅ ጸሎት ነው፤ ምቀኛ የሚኖረው ለተሳካለት ሰው ነውና ‹‹ይሳካልኝ›› ማለት ነው። በሌላ ወገን ሲታይ ግን ከኋላ የሚመጣውን ሁሉ ጠላት ያደርጋል። ከኋላው የምከተለው እኔ ነኝ፤ ጽሑፉን የማነበውም እኔ ነኝ፤ ታዲያ ምቀኛው እኔ ነኝ ማለት ነው? ይህ ቃል ሲደጋገም የአንዱ ማግኘት የሌላው ማጣት ነው የሚል ትምህርት ሳናውቀው ይገባብናል። በደጋው አገራችን አጨዳውና ውቂያው በደቦና በወንፈል ይሠራ ነበር፤ የመንዝን የጓሳ ሣርም በቄሮ ሥርዓት ለዘመናት ተጠብቆ እንዲኖር ያደረገው ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር ተስማምቶ መከልከሉና ተስማምቶ ማጨዱ ነው። በመኪናችን ላይ የምንጽፈው ግን ስለ ደቦ አይደለም፤ ስለ ምቀኛ ነው።

ሁለተኛው ነቀፌታዬ ሴቶችን ስለሚያዋርዱት ጽሑፎች ነው። ሴትን ከገንዘብ፣ ከክሕደትና ከመኪና ዕቃ ጋር እያጣመሩ የሚቀልዱትን እዚህ መድገም አልፈልግም፤ ሁላችሁም አንብባችኋቸዋል። ብዙዎቻችን እንሥቃለን። ነገር ግን አንዲት እኅታችን እዚያው ጽሑፍ ሥር ተቀምጣ፣ ከግራም ከቀኝም ወንዶች ተጭነዋት፣ አንድ ሰዓት ስትጓዝ አስቧት። የሣቀው ሣቆ ይወርዳል፤ እርሷ ግን ሒሳቧን ከፍላ ተሰድባ ትወርዳለች። ታክሲ ሰው መርጦ የሚገባበት ቤት አይደለም፤ ሁሉም የግዱን የሚሳፈርበት ነው። ስለዚህ በዚያ ውስጥ የሚጻፍ ቃል ለሁሉም የሚሆን መሆን አለበት።

ስለ ሃይማኖት ጽሑፎች የምለው ጥቂት ነው። በጣርማ በር ቁልቁለት ፍሬኑን የሚጠራጠር ሾፌር የመልአኩን ስም ቢጽፍ ማን ይፈርድበታል? ‹‹ጠብቀኝ›› የሚል ጽሑፍ ማንንም አይነካም። ሌላው እምነት ሐሰት ነው ለማለት የተጻፈ ቃል ግን ከጸሎት ወጥቶ ጠብ ሆኗል፤ የጻፈውም ሰው የሚናገረው ከፈጣሪው ጋር ሳይሆን ከጎረቤቱ ጋር ነው።

ከሁሉ የከበደው አምስተኛው ወገን ነው። በአገራችን የመንግሥት መፈክር በግድግዳና በየሰልፉ ሲጻፍ የኖረ ነው፤ ከ1966 ዓ.ም. በኋላ ‹‹ኢትዮጵያ ትቅደም›› የሚለው ያልተጻፈበት ቦታ አልነበረም ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ2010 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ የጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ሥዕልና ‹‹መደመር›› የሚለው ቃል ማንም ሳያዝ በብዙ መኪና መስተዋት ላይ ይታይ ነበር። ሰንደቅ ዓላማውም እንዲሁ ነው። አዋጅ ቁጥር 654/2001 ዓርማ የሌለበትን ሰንደቅ ዓላማ መጠቀም ስለሚከለክል፣ አንድ ሾፌር በመስተዋቱ ላይ የሚለጥፋት አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ወረቀት መካከሏ ባዶ መሆኗ ወይም አለመሆኗ ብቻዋን ረዥም የፖለቲካ ንግግር ትሆናለች።

ይህ ለምን ያሳስበናል? በኅዳር 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት እስከ መዘዞና እስከ ሞላሌ ደርሶ ነበር። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ደግሞ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጇል። እንዲህ ባለ ጊዜ መኪና የሚያልፈው በብዙ ዐይን ፊት ነው፤ የተለጠፈውም ቃል እንደ መታወቂያ ወረቀት ይነበባል። አንድ ቀን በአንድ መናኸሪያ አጠገብ አንድ የቅጥቅጥ ሾፌር በሙቅ ውኃና በምላጭ ከመስተዋቱ ላይ ተለጣፊ ሲፍቅ አየሁ። ክፉ ቃል አልነበረም፤ የትውልድ አገሩ ስም ብቻ ነበር። ‹‹ምነው ጋሼ፣ ያምር አልነበረም እንዴ?›› ብለው ‹‹ልጄ፣ አንዱ ዘንድ ያስመርቀኛል፤ ሌላው ዘንድ ያስወርደኛል። መንገዱ አንድ ነው፤ ጠያቂው ግን ብዙ ነው›› አለኝ። ከፋቀው በኋላ በመስተዋቱ ላይ አራት ማዕዘን የሆነ የሙጫ ፋና ቀረ። ሰው የተወለደበትን አገር ስም ለመጻፍ ሲፈራ ነገሩ ስለ ተለጣፊ ወረቀት መሆኑ ይቀራል።

የሌሎችን አገሮች ታሪክ ብንመለከት ይህ ጥያቄ በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። በአሜሪካ በፓራውልት ላይ የሚለጠፈው ወረቀት የተስፋፋው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው፤ ወዲያውም ለምርጫ ውድድር ዋና መሣሪያ ሆነ። በዚያ አገር በኒው ሃምፕሻየር ክፍለ ግዛት በመኪና ታርጋ ላይ ‹‹ነጻ ሆነህ ኑር ወይም ሙት›› የሚል መፈክር ይጻፋል። ጆርጅ ሜይናርድ የተባለ ሰው መፈክሩ ከሃይማኖቴ ጋር አይስማማም ብሎ ሸፈነው፤ ተከሰሰ፣ ታሰረም። እ.ኤ.አ. በ1977 ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ መንግሥት አንድን ሰው የማያምንበትን ቃል በራሱ መኪና ላይ ተሸክሞ እንዲዞር ሊያስገድደው አይችልም ሲል ፈረደለት። እንግዲህ የመናገር ነጻነት ሁለት ፊት አለው፤ የወደዱትን መጻፍና ያልወደዱትን አልሸከምም ማለት ናቸው። በጎረቤታችን በኬንያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2004 ሥራ ላይ የዋለው ደንብ ማታቱ የሚባሉት ታክሲዎች ሥዕላቸውን አጥፍተው ቢጫ መስመር እንዲቀቡ አዘዘ። የደንቡ ዓላማ የሰውን ሕይወት ከአደጋ ማዳን ነበር፤ የፍጥነት መገደቢያውና የወንበር ቀበቶው መልካም ነገር ነው። ሥዕሉ ግን ከዓመታት በኋላ ተመልሶ መጣ። ሰው የሚገጨው ፍጥነት እንጂ ሥዕል አይደለምና።

በእኛም አገር በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽ ነጻነትን ያረጋግጣል። ይህ አንቀጽ ለጋዜጠኛና ለምሁር ብቻ የተጻፈ አይደለም፤ ለቅጥቅጥ ሾፌርም ነው። ስለዚህ አስተያየቴን በአጭሩ ላስቀምጥ። ክፉ ቃል ሊጠፋ የሚገባው በምላጭ ሳይሆን በአንባቢ ነቀፌታ ነው። ሴትን የሚሰድብ ጽሑፍ ባለበት ታክሲ ውስጥ ወንዶቹ ራሳችን ‹‹ወንድም፣ ይህ አያምርብህም›› ብንል፣ አንድ ሳምንት አይቆይም፤ ሾፌር ተሳፋሪውን ይፈልገዋልና። የወገን ምልክትን በሚመለከት ግን ማንም ሰው፣ መሣሪያ የያዘም ያልያዘም፣ አንድን መንገደኛ በመስተዋቱ ላይ ባለው ቃል ብቻ ወዳጅና ጠላት ብሎ ሊለየው አይገባም።

ለእኛ ለተማሪዎች ደግሞ ሥራ አለን። የመኪና ጽሑፍ ዕድሜው አጭር ነው፤ ፀሐይ ያደበዝዘዋል፣ መኪናው ሲሸጥ አዲሱ ባለቤት ያስፍቀዋል። የአያቶቻችንን የፈረስ ስም ያወቅነው የጻፈልን ስላለ ነው፤ የአባቶቻችንን የመኪና ቃል ማን ይጽፍልናል? ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንሄድ፣ ወደ ሞላሌ፣ ወደ መሐል ሜዳ፣ ወደ ግሼ፣ ወደ መርሐ ቤቴም የምንሄደው ሁሉ፣ በደብተራችን አንድ ገጽ ብንለይለት ብዙ ይሰበሰባል። ቃሉን፣ ቀኑን፣ ቦታውንና የመኪናውን ዓይነት መጻፍ ይበቃል። ታርጋውንና የሾፌሩን ስም ግን አንጻፍ፤ ባለንበት ጊዜ የምንሰበስበው ቃል ማንንም መጉዳት የለበትም። የቋንቋና የሥነ ጽሑፍ መምህሮቻችንንም የምለምነው ይህ ስብስብ እንደ ተረትና ምሳሌው ሁሉ ለጥናት የሚበቃ መሆኑን እንዲያዩልንና እንዲመሩን ነው።

በመጨረሻም ከእናንተ መካከል ነገ መኪና የሚገዛ ይኖራል። ያን ጊዜ ቃሉን ከመለጠፉ በፊት ይህን ራሱን ይጠይቅ፤ ‹‹ከኋላዬ የሚመጣው ሰው መልስ ሊሰጠኝ በማይችልበት ቦታ ምን ልለው እወዳለሁ?›› ጥያቄውን ከልቡ የጠየቀ ሰው የሚጽፈው ቃል ሰውን የሚያሥቅ ወይም የሚያጽናና ይሆናል እንጂ የሚያስቀይም አይሆንም ብዬ አምናለሁ።